ያልተጠጣው ሻይ

ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ፣ ከዓመታት በፊት ቆቦ ላይ ስለተደረገ የካራምቡላ ጨዋታ ይከራከራሉ።

«ያ የደሴው ሰው በካራምቡላ እንጀራውን የሚበላ ነው አሉ» አለ ጎልማሳው። «እንደሱ ያለ ጎበዝ የለም ይባላል።»

«የኛን ልጆች ሲያሸንፍ ቆሜ አይቻለሁ። ጎበዝ አይደለም፤ ተነግሮት ነው።»

«ምን ተነግሮት?»

«ሰይድ ሻይ ቤት ያለው ጠረጴዛ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው፣ አንድ እግሩን ምስጥ በልቶት ያዘነብላል። ኳሷን ቀጥ አድርገህ ብትመታትም ወደ በሩ ትሄዳለች። ይኼን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።»

«መጀመሪያ ሞክሮ አይቶት ይሆናል፣ አያ።»

«አልሞከረም። ገና በመጀመሪያው ምት አስተካክሎ መታት። እንግዳ ሰው ከየት ያውቃል? ሰይድ ነው የነገረው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰይድ ጋር ሰላም አልተባባልንም።»

«ሰውዬው ከመጫወቱ በፊት ምን ያደርግ ነበር?»

«ምን ያደርጋል፣ ይኮራል። ሻይ አዘዘ፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ትክ ብሎ አየውና ሳይቀምሰው ተወው። ንቆን ነው።»

«ብርጭቆው ሙሉ ነበር?»

«ጢም ብሎ ነበር። እንዲያውም በአንድ ወገን ይፈስ ነበር።»

«በየት በኩል?»

ሽማግሌው መዳፋቸውን እንደ ጠረጴዛ ዘርግተው ወደ አንድ ወገን አዘነበሉት።

«በበሩ በኩል» አሉ። «ሰይድ አሁንም እዚያው ሻይ ቤት ነው?»

«እዚያው ናቸው።»

እኔ ቆቦ እስክንገባ ድረስ ጭኔ ላይ ባቆምኩት ጠርሙስ ውስጥ ላምባው በየመታጠፊያው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ሳይ ቆየሁ።