ስለቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይጨዋወቱ ነበር፤ አንደኛው አዲስ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ የታቀፉ ሽማግሌ፣ ሌላው ትንሽ ሬዲዮ የያዘ ወጣት ነው።

“አባቴ፣ ጃንጥላው የስለት ነው?”

“አዎ። ‘የልጄ ቡድን ዋንጫውን ከበላ አስገባለሁ’ ብዬ ለማርያም ተስዬ ነበር። ይኸው በላ!”

“ልጅዎ ተጫዋች ነው?”

“አጥቂ ነበር። ደሴ ተጫወተ፣ ድሬዳዋ ተጫወተ፣ ሱዳን ሄደ፣ የመን ሄደ። አሁን የቢጫ ለባሾቹ አሠልጣኝ ነው።”

“እንዴ! ያ ረጅሙ የዋግ ልጅ የእርስዎ ነው?”

“እሱው ነው።”

“እሱማ ቢጫዎቹን ለቋል። ዘንድሮ የሚያሠለጥነው ሰማያዊዎቹን ነው።”

“እነሱስ ምን ሆኑ?”

“ለዋንጫው ተጋጥመው ቢጫዎቹ አሸነፏቸዋ! ልጅዎንም ሊያባርሩት ነው እየተባለ ነው።”

“ታዲያ እኔ ልጄ እንዲሸነፍ ነው የተሳልኩት?”

“‘የልጄ ቡድን’ ካሉማ ስለቱ አልደረሰም።”

“በልቤ የነበሩት ግን ቢጫዎቹ ናቸው። ማርያም የምትሰማው አፌን ነው ልቤን?”

“እኔ እንጃ። ቄሱን ይጠይቁ።”

“ቄሱን? አገሩን ሁሉ ለቢጫ ያስጸለዩት እሳቸው አይደሉም!”

“ቢያስገቡት ምን አለበት?”

“ባስገባው በልጄ ሽንፈት ማመስገኔ ነው፤ ባላስገባው ስለት መብላቴ ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?”

ወጣቱ ሬዲዮውን መነካካት ሲጀምር፣ እኔ መምህሩ፣ ተማሪ እጁን አውጥቶ የጠየቀኝ ይመስል መልሱን በልቤ ጀመርኩት፣ አልጨረስኩትም።