ጠቋሚ ከጅቡቲ

«እንዴት ዋልሽ ፋዱማዬ? ኡፍ፣ ሙቀቱ! አቦ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ እስክመጣ ነጠላዬ ገላዬ ላይ ተጣበቀ። ልጆቹ ደህና? ያ ሳልሽስ ተሻለሽ?... እሰይ።»

ማዘንጊያ ይህን ስትል የፋዱማ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ነበር። አጠገቧ አንድ ሰው ቆሟል፤ ከዚራ ሰፈር በግንብ የሚዋሰናት ጎረቤቷ። የባትሪ ድንጋይ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷን ሲያይ ዘጋው። ካኪ ኮቱ ሥር ሳህን የሚያህል ክብ ነገር ሸሽጓል። ማዘንጊያ ቅርጹን ብቻ አይታ አወቀችው፤ እሱም የራሱን አስመጥቷል ማለት ነው። ባሏ ሀብተ ማርያም፣ የባቡሩ መካኒክ፣ ከጅቡቲ አምጥቶ ወጥ ቤታቸው ጣሪያ ላይ የሰቀለው የጭስ ጠቋሚ ቁርጥ ይህን ያህላል።

ያኔ ጦርነቱ ገና መብረዱ ነበር። በርበሬ ስታምስ መሣሪያው ቢጮህባት፣ በማግሥቱ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ባሏን ወሰዱት። «ለጠላት አውሮፕላን ምልክት ይሰጣል» የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። ማን እንደጠቆመ የነገራት የለም፤ መንገርም አላስፈለገም፤ ጩኸቱ የሚሰማው ከግንቡ ማዶ ብቻ ነው። ሀብተ ማርያም ሲፈታ እያነከሰ ገባ፤ እግሩን ምን እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አልተናገረም።

ማዘንጊያ ደሟ ፈላ። ግን ስድብ ቀበሌ ያስወስዳል፤ ጨዋታ አያስወስድም። ጀርባዋን ለሰውዬው ሰጥታ ወደ ፋዱማ ዞረች።

«እስቲ አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ምከሪኝ። ለቤት ጭስ ጠቋሚ ባለገመዱ ይሻላል ባለድንጋዩ? ባለገመዱ አንዴ ከመስመሩ ጋር ከተያያዘ ድንጋይ ግዙልኝ አይልም፣ ጌታ ነው! ብቻ መብራት ሲጠፋ ዲዳ ነው። ከላይ ካልተላከለት ድምፅ የለውም... እንዲህ ያለ ፍጥረት አይተሽ ታውቂያለሽ? ባለድንጋዩ ደግሞ ሲደክም ‹ጢጥ፣ ጢጥ› እያለ ራሱ ያስታውቃል። ይሉኝታ አለው።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ፋዱማ ሚዛኗን ትወለውል ጀመር።

«ለነገሩ ለጠቋሚ ጅቡቲ ድረስ ምን አስኬደን?... እዚሁ አጠገባችን አንድ ደግ ሰው እያሉ! የኔዋ ዕቃ ጭሱ አፍንጫዋ ሥር ካልደረሰ ትንፍሽ አትልም። እሳቸው ግን በርበሬው ገና ገበያ ሳለ ይሸታቸዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት... ይሰማል፣ አይደል ተረቱ? ለአገር ማሰብ እኮ ነው! ያቺን ዕቃ ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲመረምሯት፣ መርማሪው ሲጋራ ለኮሰ። ጮኸች! ጠመንጃ የያዘው ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሀብቴ ብቻ ወንበሩ ላይ ቀረ። ታስሮበት ስለነበር ነው እንጂ እሱስ ምን ጀግና ነው?»

ፋዱማ ሻሿን አፏ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ ከተማው ሁሉ የቀትር እንቅልፉን ሲተኛ፣ ዕቃዋ እሪ አለች። ወጥ ቤት ብገባ እሳት የለም። ጭሱ ከግንቡ ማዶ ነው! ለካ ደጉ ሰው ሲጋራቸውን እንደያዙ አንቀላፍተው ፍራሻቸው ይነዳል። የሰው ጓዳ ሲያሸት የሚውል አፍንጫ ለራሱ መቼ ይደርሳል... ሀብቴ በዚያ በሚያነክሰው እግሩ ግንቡን ወጥቶ አንድ ባልዲ ውኃ ቸለሰባቸው። ሲነቁ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹አውሮፕላን!› ብለው በቁምጣ አስፋልቱ ላይ። አመሰገኑ ወይ እንዳትዪኝ። ትልቅ ሰው የሚያመሰግነው በሆዱ ነው... ሆዳቸው ደግሞ ሰፊ ነው፣ ስንቱን ይዟል!»

ፋዱማ ማንም ሳይጠይቃት የባትሪ ድንጋይ አውጥታ ሰውዬው ፊት አኖረችለት። እሱ ድንጋዩን እያየ እጁን አልዘረጋም። ይኼኔ ከኮቱ ሥር «ጢጥ» አለ። ሰውዬው ሳለ። እንደገና «ጢጥ» አለ። ጨምሮ ሳለ፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

ማዘንጊያ አሁንም አልዞረችም። ንዴቷ ግን እንደ ጉም ሲተን ተሰማት፤ ባሏ ከተፈታ ወዲህ ትንፋሿ ሙሉ ሲሆን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ወይ ጉድ፣ ቆሜ ለፈለፍኩብሽ! በይ ደህና ዋይ። ለካ ዋናውን ሳልነግርሽ፤ ሀብቴን ወደ ሌላ ጣቢያ አዛውረውታል፣ ቤቱን ልንለቅ ነው። የሚያሳዝነኝ ደጉ ሰው ብቻቸውን መቅረታቸው ነው። የኔ እግዜርም ያንቺ አላህም ዕድሜና ጤና ይስጧቸው፤ ቤታቸውን እሳት አይንካው፣ ጓዳቸውን ክፉ ዓይን አይየው። በኛም ፈንታ፣ ፋዱማዬ... ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ጎረቤት ያምጣላቸው።»