የእሑዱ ክርስትና

በሰው አገር፣ ከዋንዴገያ ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት እናትና አንድ አዛውንት በአማርኛ ይከራከሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ እሑድ ክርስትና ትነሳለች። ቤተ ክርስቲያኑን ክፈቱልን።»

«ሕጋዊው ኮሚቴ እኛ እንሁን እናንተ ፍርድ ቤቱ ገና አልወሰነም።»

«እናንተስ ቆልፋችሁ መቼ ቀደሳችሁበት?»

«ዲያቆናቱን ይዛችሁብን ሄዳችሁ፣ በማን እንቀድስ?»

«ቄሶቹስ እናንተ ጋ አይደሉ?»

«እንግዲህ ዳኛው ይፍረዱ።»

«ዳኛው ልጄን ያጠምቁልኛል?»

አዛውንቱ ሳቁ።

«ክርስትና እናቷ ማን ናቸው?»

«ባለቤትዎ ናቸዋ! አልነገሩዎትም?»

አዛውንቱ የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ።

«እሑድ ማልዳችሁ ኑ፤ ዲያቆናቱን አምጪ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«ጠበቃችሁስ?»

«ከሰማማ፣ መብታችሁን አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ይለናል።»

«ማን ይነግረዋል?»

ሁለቱም ዞር ብለው ሲያዩኝ፣ አማርኛ እንደማይሰማ ሰው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከትኩ።