ለልጆቼ ያልነገርኳቸው
ከሲቀላ ወደ ጫኖ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ያሉ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ሥራውን ጠየቁት።
«የታሪክ መምህር ነኝ፣ እማማ። ዛሬ ስለ ባሪያ ንግድ አስተማርኩ።»
«እዚሁ እኛ አገር ስለነበረው?»
«አዎ፣ እዚሁ ስለነበረው።»
«ልጆቹ በዘር አልተሰዳደቡም?»
«እኔም ፈርቼ ነበር። አንዷ ተማሪ ግን ተነስታ ‹የኔ ቅድመ አያት ተሸጣለች› አለች።»
«ወይኔ ልጄን! ሳቁባት?»
«ማንም አልሳቀም። አጠገቧ ያለችው ልጅ እጇን ያዘቻት።»
እናትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።
«የኔም አያት ተሸጣ ነው ወደዚህ የመጣችው። ለልጆቼ እንኳ ነግሬ አላውቅም።»
«ሰኞ ክፍል መጥተው ይንገሯቸው፣ ተማሪዎቹ ይሰሙዎታል።»
«እመጣለሁ። ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ ለራሴ ልጆች ልንገር።»
መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ» ሳልል አለፍኩት።