በገዛ ድምፃቸው የተናገሩት ተዋናይ፦ የአርቲስት ሕዝቅኤል ሳህሉ ዜና ሕይወት

አርቲስት ሕዝቅኤል ሳህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሉ ገብረሃናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ ጥበቡ በ1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስላረፉባቸውና እናታቸውም ያገለግሉት የነበረውን የጣሊያን ቤተሰብ ተከትለው ወደ ሮማ ስለሄዱ፣ ከአጎታቸው ዘንድ ሆነው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እናታቸው አስመጧቸው።

ወይዘሮ ካሳነሽ የሚያድሩት በአሠሪዎቻቸው ቤት ስለነበረ ልጃቸውን አጠገባቸው ማሳደር አልቻሉም። ሕዝቅኤልም በሮማ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር በአንዲት ክፍል ከሌሎች ወጣቶች ጋር በፈረቃ እየተኙ፣ የምግብ ቤት ዕቃ እያጠቡ፣ እናታቸውን በቤት ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ እያገኙ ኖሩ። በዚያ ክፍል ጾም ያደሩባቸው ቀናት እንደነበሩ አብረዋቸው የኖሩ ያውቃሉ፤ እርሳቸው ሲጠየቁ ግን “አለፈ” ከማለት በቀር አይጨምሩም ነበር።

ወደ ፊልም የገቡት በኮምፓርሳነት፣ ከኋላ ከሚታዩት አላፊ አግዳሚዎች አንዱ ሆነው ነው። ጦር ይዘው ቆሙ፤ ትሪ ተሸክመው አለፉ። ቁመናቸው ተወዶ የሚናገር ሚና ሲሰጣቸውም፣ በጊዜው በጣሊያን ፊልም እንደተለመደው ድምፃቸው በስቱዲዮ በሌላ ሰው ድምፅ ይተካ ነበር።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ ካሳነሽ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ሲኒማ ገቡ። ልጃቸው አፋቸውን ሲከፍቱ የማያውቁት ሰው ድምፅ ወጣ። ብድግ ብለው “ኧረ ይኼ የማን ድምፅ ነው? ልጄን ምን አርጋችሁት ነው?” ሲሉ ከኋላቸው የነበሩት “ሲኞራ፣ ባስታ! ይብቃ!” እያሉ ተቆጡ፤ ከጓደኞቻቸው አንዷ ወይዘሮ ውባንቺም “አንቺ ካሱ፣ ሳንባረር ልጅሽን እንይ!” ብለው በነጠላቸው ጎትተው አስቀመጧቸው። ሲወጡ በር ላይ ለሚጠብቋቸው ልጃቸው “ፊቱ ያንተ ነው፤ አንተን ግን አልሰማሁህም” አሏቸው።

ሕዝቅኤል ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሳቸው ድምፅ ካልሆነ የሚናገር ሚና አልቀበልም አሉ። “ይህን ቅላፄ ማን ይሰማል?” ያሉ ፕሮዲውሰሮች በር ዘጉባቸው፤ “አሎራ፣ እንግዲህ ሕዝቄ፣ ድምፅ እንጀራ ይሆናል?” እያሉ የሚያላግጡ ወዳጆችም ነበሩ። እርሳቸው ግን የጭነት መኪና እየነዱ ዓመታት አሳለፉ። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናታቸው ሳይሰሟቸው እንዳይሞቱባቸው።

በመጨረሻ ሶፊያ የተባሉ ወጣት ጣሊያናዊት ዳይሬክተር ስለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ለሚሠሩት የመጀመሪያ ፊልማቸው መረጧቸው። ፕሮዲውሰሩ ድምፁ ይቀየር ሲሉ ሶፊያ “እንግዲያው ሌላ ዳይሬክተር ፈልጉ” ብለው ከሕዝቅኤል ጎን ቆሙ። ፊልሙ በሚታይበት ቀን ወይዘሮ ካሳነሽ የዐይናቸው ብርሃን ጠፍቶ ስለነበር ልጃቸው እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። የሹፌሩ ድምፅ ገና እንደተሰማ ወይዘሮዋ ሳቁና “ይኸው መጣ! ልጄ ነው!” አሉ።

ፊልሙ ተሸለመ፤ የአርቲስት ሕዝቅኤል ስምም በመላው ጣሊያን ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ዳኛም፣ ሐኪምም፣ አያትም ሆነው ተጫወቱ፤ ማንም ሰው በእርሳቸው ፈንታ አልተናገረም። ከወይዘሮ እየሩሳሌም ኣንገሶም ጋር ትዳር መሥርተው ማርቲንና ቃለጽድቅን ወለዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሮማ ዳርቻ ወዳለው ሮማኒና ሰፈር እየሄዱ ትወና ለሚወዱ ወጣቶች ያለ ክፍያ ያስተምሩ ነበር።

የልብ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ ካስተማሯቸው አንዷ የሆነችው ሚለን በራሷ ድምፅ የተናገረችበትን የመጀመሪያ ፊልም አልጋቸው ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ፤ “ደግማችሁ ክፈቱልኝ” አሉ። ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ዛሬ በሮማ ፊልሞች ውስጥ አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። የፍጥረቱን ሁሉ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ አምላክ በስማቸው ጠርቶ ከቅዱሳኑ ኅብረት ይደምራቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይላክልን። አሜን።