አራተኛው እሑድ በእነ አስካለ በር

(እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የወይዘሮ አስካለ የግቢ በር፤ ዘበኛው ጋሽ ደምሰው ከውስጥ፣ በበሩ ትንሽ መስኮት ብቅ ብሎ፤ የሃምሳ አንድ ዓመቷ ፀዳለ ከውጭ፣ ሙዝ አንጠልጥላ።)

ደምሰው፦ ያንኳኳሉ ወይስ እንደ ባለፈው ያልፋሉ? ላውቀው ብዬ ነው እንጂ ላስቸኩልዎት አይደለም።

ፀዳለ፦ እያለፍኩ ነበር፣ ጋሽ ደምሰው። አጋጣሚ ነው።

ደምሰው፦ አጋጣሚው አራተኛ እሑዱን ያዘ። ዛሬ ብቻ አምስቴ አለፉ። ሦስቴ ሽቅብ፣ ሁለቴ ቁልቁል።

ፀዳለ፦ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።

ደምሰው፦ አልሸሹም ዞር አሉ።

ፀዳለ፦ እሺ፣ ቆይ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። አስካለ ምን ትላለች?

ደምሰው፦ ስለ ምን?

ፀዳለ፦ ስለ እኔ ነዋ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ ነኝ። እናቷ እማማ ጥሩወርቅ ካረፉ ሁለት ወር አለፋቸው፤ እኔ ለቅሶ አልደረስኳትም። አንድ ቃል ሳትናገር ትቀራለች?

ደምሰው፦ እኔ የበር ሰው ነኝ። የሳሎን ወሬ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ቀዝቅዞ ነው።

ፀዳለ፦ እንግዲያው ይቺን ነጠላ እያት። ጥለቱን እንደ ለቅሶ ወደ አንገቴ ላድርገው ወይስ እንደ ወትሮው ወደ ታች ልልቀቀው? ወደ አንገቴ ባደርገው፣ «ስትጽናና ጠብቃ ሐዘኗን ልትቀሰቅስባት መጣች» እባላለሁ። ወደ ታች ብለቀው ደግሞ «ሰርግ መሰላት» ነው የሚሉኝ።

ደምሰው፦ ባለፈው እሑድስ እንዴት ነበር ያደረጉት?

ፀዳለ፦ አንዱን ጫፍ ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች።

ደምሰው፦ እኔ ንፋስ ነው ብዬ ነበር።

ፀዳለ፦ ለአርባውም መጥቼ ነበር እኮ። መንገድ ማዶ ድረስ።

ደምሰው፦ አይቻለሁ። የመብራት እንጨቱን ደግፈው ቆመው ነበር። እሱ እንኳ ያን ዕለት ቀና ብሎ ዋለ። ሙዙስ ምንድን ነው?

ፀዳለ፦ ባዶ እጄን እንዳልገባ ነው። ብርቱካን አሰብኩ፤ ብርቱካን የበሽተኛ ነው። ዳቦ አሰብኩ፤ ዳቦ ሲያዩት ድግስ ይመስላል። ሙዝ ግን ሐዘንም ደስታም የለበትም።

ደምሰው፦ ያለፉት ሦስት እሑዶች ሙዝ የት ደረሰ?

ፀዳለ፦ ቤቴ ተመልሼ በላሁት። ብቻዬን።

ደምሰው፦ ነፍስ ይማር።

ፀዳለ፦ ቀልድ አንተ። እኔ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ባሌን ላግባ አላግባ ብዬ ያሰብኩት ሁለት ቀን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ፋሲካ ነበር። አሁን ሃምሳ ሞላኝና፣ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ እንኳ ከአንዷ ስገዛ ሌላዋ ቅር ይላት ይሆን እያልኩ ከሁለቱም ገዝቼ እመለሳለሁ።

ደምሰው፦ ቤትዎ ሽንኩርት አይጠፋም ማለት ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው?

ፀዳለ፦ ደህና ናቸው፤ ሁለቱም ወጥተው የየራሳቸውን ጎጆ ቀለሱ። ለእነሱ የማስበው ሐሳብ ነው ሥራ ፈትቶ ቤት የቀረው።

ደምሰው፦ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል።

ፀዳለ፦ እኔ ቆቡንስ ጨርሻለሁ። አሁን የያዝኩት መነኩሴውን ነው።

ደምሰው፦ ለመሆኑ የቀብሩ ዕለት ለምን ቀሩ?

ፀዳለ፦ አልቀረሁም።

ደምሰው፦ እኔ ድንኳኑ አፍ ላይ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ ፀዳለ።

ፀዳለ፦ ለማንም እንዳትናገር። ማልልኝ።

ደምሰው፦ ሚካኤልን።

ፀዳለ፦ እሱን ተወው። በሌላ ማል።

ደምሰው፦ ገብርኤልን።

ፀዳለ፦ ጎረቤቴ ደወለችና «ቀብሩ ስምንት ሰዓት፣ ሚካኤል ነው» አለችኝ። ላይኛው ነው ታችኛው ልበላት? ሰው ሞቶ እያለ አድራሻ ማጣራት ደግ ነው? ብትታዘበኝስ? እያልኩ ሳስብ ስልኩን ዘጋችው። ላይኛው ሄድኩ።

ደምሰው፦ ታችኛው ነበር።

ፀዳለ፦ ለቀባሪው አረዱት። አሁንማ አውቄዋለሁ። ያን ዕለት ግን ስደርስ ቀብር አለ፣ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ከኋላ ገብቼ «እማማ ጥሩወርቅ፣ እማማ ጥሩወርቅ» እያልኩ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ደምሰው፦ ማን ነሽ ያለዎት ሰው የለም?

ፀዳለ፦ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙኝ እንጂ። ብቻ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት በመድፈኛነት አገራቸውን አገልግለዋል» ተባለ።

ደምሰው፦ እማማ ጥሩወርቅ?

ፀዳለ፦ እኔም ደንገጥ ብዬ ነበር። ግን ያቺ ዝምተኛ ሴት ስንቱን በሆዷ ይዛ ኖራለች ብዬ ለቅሶው ባሰብኝ። ለቀስተኛውን ተከትዬ ድንኳን ገባሁ። ንፍሮ ቀመስኩ። ቀና ስል ፎቶው ፊት ለፊቴ ቆሟል። ወንድ።

ደምሰው፦ ባለ ሪዙ።

ፀዳለ፦ አዎ፣ ባለ... ጋሽ ደምሰው፣ ሪዝ እንዳለው እኔ አልነገርኩህም።

ደምሰው፦ እዚያች ድንጋይ ላይ ትንሽ አረፍ ቢሉስ?

ፀዳለ፦ አላርፍም። ማን ነገረህ?

ደምሰው፦ የሟቹ እህት የእትዬ አስካለ ልብስ ሰፊ ናቸው። በአርባው ማግስት ጥቁር ቀሚስ ሊለኩ መጥተው አወሩ። አንዲት የማትታወቅ ሴት ቀብር ላይ ከሚስትየው በላይ አልቅሳ፣ ንፍሮ በልታ፣ ፎቶውን አይታ ክው ብላ ሮጣ ወጣች አሉ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ።

ፀዳለ፦ ምን ብሎ?

ደምሰው፦ ውሽማው ናት ብሎ።

ፀዳለ፦ የማን?

ደምሰው፦ የመድፈኛው።

ፀዳለ፦ እመብርሃን ድረሽልኝ።

ደምሰው፦ ባለቤቱ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት ነበር።

ፀዳለ፦ ሁለት ወር ሙሉ ያላሰብኩት የለም። ነጠላው፣ ሙዙ፣ አስካለ ምን ትለኝ ይሆን፣ እህቶቿስ ምን ይሉ ይሆን... ይቺን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኳትም።

ደምሰው፦ የደረሰው ያላሰቡት ነው። ካሰቡት አንዱም አልደረሰም።

ፀዳለ፦ አሁኑኑ ሄጄ ለሴትየዋ ልንገራት። ወይስ ብነግራት ይብሳል? ደብዳቤ ብጽፍላትስ? ደብዳቤ ደግሞ ማስረጃ ይሆናል...

ደምሰው፦ ጀመሩ። ነገሩ አልቋል፣ ፎቶውም ፊቱን ወደ ሰው መልሷል። ሰፊዋ «እማማ ጥሩወርቅ እያለች ነበር የምታለቅሰው» ሲሉ፣ እትዬ አስካለ መርፌ የተሰካበትን ቀሚስ እንደለበሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ፀዳለ፦ አለቀሰች?

ደምሰው፦ ሳቁ። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚያ ቤት ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ የታመሙ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። «ጓደኛዬ ናት፣ ይሄን የምታደርግ ሌላ ሰው የለችም» ብለው ለሰፊዋ አስረዱ።

ፀዳለ፦ ታዲያ ለምን አልደወለችልኝም?

ደምሰው፦ ሐዘንተኛ ደውሎ «ነይና አልቅሺልኝ» ይላል?

ፀዳለ፦ አይልም። ልክ ነህ። አንተስ? አራት እሑድ ሙሉ አፍህን ይዘህ ስታየኝ?

ደምሰው፦ ታዝዤ ነው። «ራሷ ታንኳኳ፤ እስክታንኳኳ እንዳትከፍትላት» ተብያለሁ። ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳለፉ የቆጠሩትም እሳቸው ናቸው፣ ከላይ መስኮት። እኔ ቁጥር ላይ ደካማ ነኝ።

ፀዳለ፦ አሁንም እያየችኝ ነው?

ደምሰው፦ መጋረጃው ሲስቅ ይታየኛል።

ፀዳለ፦ ገብቼ እንባ ባይመጣልኝስ? የነበረኝን ሁሉ ለመድፈኛው አፍስሼዋለሁ።

ደምሰው፦ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ፀዳለ፦ ጥለቱንስ...

ደምሰው፦ እትዬ ፀዳለ።

ፀዳለ፦ እሺ። እሺ አልኩ እኮ። እንካ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ደምሰው፦ ማነው?

ፀዳለ፦ ፊት ለፊቴ ቆመህ ነው ማነው የምትለኝ?

ደምሰው፦ የበር ደንብ ነው። ማን ልበል?

ፀዳለ፦ የመድፈኛው ውሽማ በላት። ለእማማ ጥሩወርቅ የተረፋትን እንባ ይዛ መጥታለች።