አንቴናው የት ይተከል?

ጡረታ የወጡት ጣሪያ ሠሪ ደብዳቤ ሊልኩ ፖስታ ቤት ቢሄዱ፣ የእህታቸውን ልጅ ደረጃው ላይ ኩርምት ብላ ስልኳን ታቅፋ አገኟት። ዝናቡ ያካፋል።

«ምነው ልጄ፣ ቤት የለሽም እንዴ?»

«ቤትማ አለኝ ጋሼ፤ ኢንተርኔት ነው የሌለኝ፤ የሚይዘው እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ነው። የነርስነት ፈተናዬ በኢንተርኔት ነው የሚሰጠው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ዓመቴ ገደል ገባ።»

እንደ ልጃቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማው ሁሉ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ሊዘረጋ ነው» አለች። «ዛሬ ከሰዓት ነዋሪው ዕቅዱን አይቶ እንዲናገርበት ጠርቷል። የእኛ ሰፈር፣ ቁልቁለቱ፣ ግን ዕቅዱ ውስጥ የለም። እባክዎ ይምጡልን፤ እርስዎን ሰው ይሰማል።»

«እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ደግሞስ እነሱ ጨርሰው ነው የሚጠሩን፤ አጨብጭበን እንድንወጣ። አርባ ዓመት ጣሪያ ስሠራ ማን ምን ጠየቀኝ?»

እውነቱን እንናገርና፣ ሰውዬው ኢንተርኔቱን ጠልተው አይደለም። ሳይጠየቁ ማርጀታቸው ነው የሚያንገበግባቸው።

«ዛሬ እየጠየቁ ነው ጋሼ። ከቀረን ግን ተስማምተዋል ብለው ነው የሚጽፉት። ይኸው፣ ይዩት።» ዕቅዱ የተሳለበትን የታጠፈ ወረቀት ዘረጋችላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩና ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አንቴናውን ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ? እንጨቱን እኮ ምስጥ ጨርሶታል! ድመት እንኳ መሸከሙን እንጃ። ማን ነው ይህን የሳለ?»

«መሐንዲሱ ነው። ጣሪያውን ከላይ በፎቶ አይቶታል፤ ከውስጥ ያዩት እርስዎ ነዎት። ካልነገሩት በምን ይወቀው?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ዣንጥላቸውን ዘረጉና «ተነሺ፣ እንዳይረፍድብን» አሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ድምፃቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ስለ ምስጡ ሲያነሱ ግን ጠና አለ። ወጣቱ መሐንዲስ ብዕሩን አነሳ።

«ታዲያ የት ይሻላል ይላሉ አባባ?»

«የውሃ ማማው ላይ። ብረቱን በእጄ አውቀዋለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ላይ ቁልቁለታችን ቤት በቤት ይታያል።»

መሐንዲሱ ጻፈ። ይህን ያዩ ጎረቤቶችም አፋቸውን ፈቱ፤ አዋላጇም ባለሱቁም ከየቤታቸው የሚያውቁትን ጨመሩ። ዕቅዱም ተለወጠ። ከተማው ከሚደረመስ ጣሪያ ዳነ፣ ቁልቁለቱ ኢንተርኔት አገኘ፤ ሰው ስለ ሰፈሩ ሲናገር የሚተርፈው ይህ ነው።

በፈተናው ቀን ጣሪያ ሠሪው የልጅቷ ቤት በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ፤ አላፊ አግዳሚውን «ቀስ በሉ፣ ልጅቷ እየተፈተነች ነው» እያሉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ።

«ጨረስኩ ጋሼ። አንዴም አልተቋረጠም።»

አቅፈው ያዟት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እኔ እኮ ልጄ፣ ዝም ልል ነበር» አሏት።